የአሥር ሳምንት ልጄ ቀኝ እጁን አያንቀሳቅስም፤ በሦስት ወሩ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ተብለናል

አራስ_ቨርጂኒያ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምኖር፣ የመጀመሪያ ልጄን የታቀፍኩ አራስ ነኝ። ልጄ ሲወለድ 4.6 ኪሎ ይመዝን ስለነበር፣ ራሱ ከወጣ በኋላ ትከሻው በዳሌ አጥንቴ ተይዞ ቀረና ሐኪሞቹና አዋላጆቹ ተረባርበው አወጡት። ሕይወቱ ተርፏል፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ገንዳ ውስጥ ሳጥበው ግራ እጁ ውኃውን ሲመታ ቀኙ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። ጣቴን መዳፉ ላይ ባስቀምጥለት አይጨብጠኝም፤ በር ሲዘጋ ደንግጦ የሚዘረጋው ግራ ክንዱን ብቻ ነው። የቀኝ ዓይኑ ቆብም ከግራው ዝቅ ያለ፣ ብሌኑም ጠበብ ያለ ነው፤ እኔ እንቅልፉ መጥቶ ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ ያስተዋለችው ሐኪሟ ናት።

ባለፈው ሳምንት ያየችን የነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ ሦስት ወር ሲሞላው ለውጥ ካልታየ አንገቱ ሥር ተከፍቶ ከእግሩ በሚወሰድ ነርቭ የተበጠሰው እንደሚቀጠል ነገረችን። ባለቤቴ ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው እንጠብቅ ይላል። ልታርሰኝ ከሀገር ቤት የመጣችው አማቴ ደግሞ ቅቤ ቀብተን ብናሸው ይበጀዋል፣ ወጌሻ ቢኖር እስካሁን ይመልሰው ነበር ትላለች። በሦስት ወር ሕፃን አንገት ላይ ቢላዋ ማሳረፍ ጥድፊያ አይሆንም ወይ? በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

አዋላጅ_ደብረብርሃን፦

እንኳን ማርያም ማረችሽ እኅቴ። በማዋለጃ ክፍል 22 ዓመት ሠርቻለሁና በማውቀው በኩል ልጀምር። ትከሻ ሲያዝ በእጃችን ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ እትብቱ ተጨፍልቆ ሕፃኑ አየር ስለሚያጥረው፣ የእናትየውን ጉልበቶች ወደ ሆዷ አጥፈን፣ አንዳችን ከእምብርቷ በታች በመዳፍ እየገፋን እንታገላለን። አንገቱ ወደ አንድ ወገን፣ ትከሻው ወደ ሌላ ወገን ሲለጠጥ በመካከል ያሉት ነርቮች ይሳባሉ፤ አንዳንዶቹ ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹ ይበጠሳሉ። ልጁ ሲከብድ፣ እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ሲኖርባት፣ ወይም ምጡ በቫኪዩም ወይም በፎርሴፕስ ሲታገዝ አደጋው ከፍ ይላል፤ በኦፕራሲዮን በተወለዱ ሕፃናትም ላይ አልፎ አልፎ ታይቷል። ስለዚህ «በደንብ ሳልገፋ ቀርቼ ይሆን» እያልሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ለሚቀጥለው እርግዝናሽ ግን ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሐኪምሽ ንገሪ።

አማትሽን በአክብሮት እንዲህ በያቸው፤ ወጌሻ የሚያውቀው የወለቀና የተሰበረ አጥንት ነው፤ የዚህ ልጅ ችግር ግን የነርቭ ይመስላል። ቆዳውን በቅቤ ቀስ አድርጎ መዳበስ አይጎዳውም፤ መሳብና መጠምዘዝ ግን የተለጠጠውን ነርቭ ሊበጥሰው ይችላል። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው ቀጭን አጥንት ሲሰበርም ሕፃን እጁን ሕመም ፈርቶ አያንቀሳቅስምና፣ ራጅ ተነስቶ ካልሆነ ያንንም ጠይቂ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ከእኔ ታሪክ ብትጽናኚ ብዬ ነው። ትልቋ ልጄ እንዲሁ ትከሻዋ ተይዞ ተወልዳ ክንዷን ማንሳት አቅቷት ነበር። በሰባተኛው ሳምንት ክርኗን ማጠፍ ጀመረች፣ በአምስት ወሯ ከሌላው እጇ የሚለየው ነገር አልነበረም። እኛ ከጸሎትና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ካሳየን እንቅስቃሴ በቀር ምንም አላደረግንም። ሐኪም ሁሉ መቅደድ ይወዳል፤ ባለቤትሽ እውነት አለው፣ ታገሺ።

ፊዚዮ_አዲስ፦

ለልጅዎ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ምክሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ልጅዎ እንደተወለደች ጣቶቿን ታንቀሳቅስ ነበር?

የሁለት_ልጆች_እናት፦

አዎን፤ ጣቶቿ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጨብጡ ነበር። የማይታዘዛት ትከሻዋና ክርኗ ብቻ ነበር።

ፊዚዮ_አዲስ፦

ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፤ በመጠኑ አስፍቼ ላስረዳ።

ክንድን የሚያዝዙት ነርቮች ከአንገት አከርካሪ መካከል በአምስት ሥሮች ይወጣሉ፤ ባለሙያዎች ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው የአንገት ሥርና የመጀመሪያው የደረት ሥር ብለው ይጠሯቸዋል። የላይኞቹ ሁለቱ ትከሻን ያነሳሉ፣ ክርንን ያጥፋሉ፤ መካከለኛው ክርንንና የእጅ አንጓን በመዘርጋት ያግዛል፤ የታችኞቹ ሁለቱ ጣቶችን ያዝዛሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ኤርብ በ1874 እ.ኤ.አ. የገለጸው የላይኞቹን ጉዳት ነው፤ ክንዱ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ፣ መዳፉ በስውር ገንዘብ እንደሚቀበል ሰው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጣቶቹ ግን ይሠራሉ። የርስዎ ልጅ የነበረባት ይህ ይመስለኛል፤ ይህ ዓይነቱ በብዛት የሚታየው ነው፤ ብዙዎቹም ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል።

የጠያቂዋ ልጅ ጉዳት ግን አምስቱንም ሥሮች የነካ ነው። የዓይኑን ቆብ ነገር ሳነብ የደነገጥኩትም ለዚህ ነው። ወደ ዓይን የሚሄዱት፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩት የሲምፓቴቲክ ነርቮች ከመጀመሪያው የደረት ሥር አጠገብ ስለሚወጡ፣ የቆቡ መውረድና የብሌኑ መጥበብ ያ ሥር ከህብለ ሰረሰሩ ላይ ተነቅሎ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ይህን የዓይን ምልክት ከታችኛው ሥር ጉዳት ጋር በ1885 እ.ኤ.አ. ያያያዘችው አውጉስታ ክሉምፕኬ ናት፤ ያኔ በፓሪስ ገና የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ ሴቶች በሆስፒታል ለመሥራት እንኳ በሚታገሉበት ዘመን። (ከጉዳዩ ትንሽ ወጣሁ፤ ግን ስሟ ቢነሳ ደስ ይለኛል።)

የተለጠጠ ነርቭ በሳምንታት ይመለሳል። ሽፋኑ ሳይበጠስ የውስጥ ክሮቹ የተቆረጡ ነርቭ በወራት ያድጋል። ፈጽሞ የተበጠሰ ነርቭ ሊያድግ ቢሞክርም መንገዱን አጥቶ ኒውሮማ የሚባል ጠባሳማ ቋጠሮ ይሆናል። ከህብለ ሰረሰር የተነቀለ ሥር ደግሞ ዓመትም ሆነ አሥር ዓመት ቢጠበቅ በራሱ አይበቅልም። «ያድጋል፣ ይለቀዋል» የሚለው ምክር ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ሲሆን ለኋለኞቹ ሁለቱ ጊዜ መግደል ነው። ቀደም ሲል ከአሥር ዘጠኙ ይድናሉ ይባል ነበር፤ በጥንቃቄ የተከታተሉ ጥናቶች ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ላይ የማይጠፋ ጉድለት እንደሚቀር አሳይተዋል።

ዓመት ይሞላው ለሚሉት ባለቤትዎ በስሌት ይንገሯቸው። ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በሦስት ወር ሕፃን ከአንገት ሥር እስከ መዳፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክሩ ጣቶቹ ጋ ለመድረስ ቢያንስ ሰባት ወር ይፈጅበታል። ጡንቻ ደግሞ ነርቭ ሲቋረጥበት ይመነምናል፤ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ከቆየ ነርቭ ቢደርሰውም አይቀበለውም፤ የመዳፍ ትናንሽ ጡንቻዎች ከዚያም ቀድመው ይጠፋሉ። ዓመት ጠብቆ የሚጀመር ጉዞ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል ማለት ነው። ተመሳሳይ ጉዳት በደረሰበት አዋቂ ሰው መንገዱ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሐኪሞች ጣቶቹን ለመመለስ ተስፋ አያደርጉም፤ ክርኑንና ትከሻውን ብቻ ያስቀድማሉ። በሕፃን ግን ተቃራኒው ነው፤ መንገዱ አጭር፣ አእምሮውም አዲስ መስመር ለመማር የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ሁሉም ሥሮች በተጎዱበት ሕፃን ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመዳፍ ነው።

የሦስት ወሩ ወሰንም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፈረንሳዊው አላን ዢልቤር በፓሪስ በብዙ ሕፃናት ላይ ባደረገው ክትትል፣ በሦስት ወሩ ክርኑን የሚያጥፈው ጡንቻ ያልነቃ ሕፃን በኋላ ጥሩ ትከሻ እንደማይኖረው አስተዋለ። በቶሮንቶ ያሉ ሐኪሞች ደግሞ የክርን መታጠፍን፣ የክርንን፣ የአንጓን፣ የጣቶችንና የአውራ ጣትን መዘርጋት እያንዳንዳቸውን ከሁለት ይመዝናሉ፤ በሦስት ወር ከአሥሩ 3.5 ያልሞላው ሕፃን ለቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ለላይኞቹ ሥሮች ብቻ ጉዳት ስድስት ወይም ዘጠኝ ወር መጠበቅ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ጣቶቹ ለማይንቀሳቀሱና ዓይኑ ላይ ምልክት ላለበት ሕፃን ግን ክርክሩ እምብዛም ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

አልገባኝም ነበር፤ አንድ በሽታ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። «ታገሺ» ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ይቅርታ እኅቴ።

የቶሮንቶ_አባት፦

እኅቴ፣ ልጄ የዛሬ ስድስት ዓመት ልክ እንደ ልጅዎ ሆና ተወልዳ፣ ሦስት ወር ከአንድ ሳምንት ሲሆናት ተቀድዳለች። የነበረውን ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ማታውን ማስራቧ ነበር። በማለዳ እያለቀሰች ሰጠናት፤ ወደ ውስጥ የገባችው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የወጣችው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በመካከል ወጥቶ በወረቀት ላይ የሳለልን ሥዕል እስከ ዛሬ አለኝ። ከአምስቱ ሥሮች የላይኞቹ ሁለቱ ተበጥሰው ጫፋቸው ሕያው ነው፤ የታችኞቹ ሦስቱ ተነቅለዋል። እኔ የመብራት ሠራተኛ ነበርኩና እንዲህ ተረዳሁት፤ ሁለቱ ሽቦዎች መሐል ላይ ተቆርጠዋል፣ ሦስቱ ግን ከምሰሶው ላይ ተነቅለዋል፤ ስለዚህ በቀሩት ሁለት መስመሮች ቤቱን በሙሉ ማብራት አይቻልም፣ የትኛው ክፍል ይብራ የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ምርጫው እንዲህ ሆነ። ሁለቱን ሕያው ሥሮች ከሁለቱም ባቶቿ ጀርባ በተወሰደ ስስ ነርቭ አስረዝመው ወደ መዳፏ ነርቮች አገናኟቸው። ክርኗን የሚያጥፈውን ጡንቻ ደግሞ ከጎድን አጥንቶቿ መካከል ሦስት ነርቮች አዙረው ሰጡት። ትከሻዋን ለማንሳት፣ ትከሻን ነቅነቅ የሚያደርገውን የአንገት ነርቭ ቅርንጫፍ ተጠቀሙ። ስፌቱ ከፀጉር በሚቀጥን ክር በማይክሮስኮፕ ሥር ነው የሚሠራው። ከባቷ የተወሰደው ነርቭ ስሜት ብቻ የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ ከእግሯ ዳር ትንሽ መደንዘዝ በቀር አረማመዷን አልነካውም። ከዚያ በኋላ ስፌቱ እንዳይሳብ ራሷና ክንዷ ለሦስት ሳምንት ታስረው ቆዩ፤ ጡት ማጥባት የሚቻለው በአንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ባለቤቴ ያሳለፈችውን እሷ ብትጽፈው ይሻላል።

ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ ወራት አለፉ፤ ምንም የለም። ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ ሰው «ተቀድዳም አልዳነችም» እያለ ያሳቅቅዎታል። ክርኗ መታጠፍ የጀመረው በስድስተኛው ወር ገደማ ነው፤ ጣቶቿ ሲጨብጡ ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። በ14 ወሯ አንድ ማለዳ አልጋዋ ላይ ደም አየን፤ የማትሰማውን አመልካች ጣቷን ነክሳ ኖሯል። ሐኪሞቹ ስሜት መመለስ ሲጀምር እንዲህ የሚያደርጉ ሕፃናት እንዳሉ ነገሩን፤ እስኪያልፍ ድረስ ካልሲ አጠለቅንላት። ሻይና ወጥ እዚያ እጅ አጠገብ አናስቀምጥም ነበር፤ ቢያቃጥላትም አታለቅስምና።

ዛሬ በዚያ እጅ ደብተሯን ይዛ በሌላው ትጽፋለች፤ ጠርሙስ አቅፋ ክዳኑን ትከፍታለች፤ አንጓዋን ቀና ማድረግ ግን አትችልም፤ ቁልፍ መቆለፍም እንደዚሁ። ብስኩት ወደ አፏ ስታቀርብ ክርኗ መለከት እንደሚነፋ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ሐኪሞቹ የሚጠሩት «ረዳት እጅ» ብለው ነው። ልጅዎ ሙሉ እጅ ያገኛል ብሎ ቃል የሚገባልዎ ሰው ካለ አይመኑት። የእኛን ሐኪም ስንጠይቀው፣ በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ እንዲህ የተሠራላቸው ሕፃናት ለዓመታት ተከታትለው ሲለኩ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥቅም የሚሰጥ መዳፍ መገኘቱን ነግሮናል። ባይሠራላት ኖሮ እጁ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር፤ እኔ የማነጻጽረው ከዚያ ጋር ነው።

ከደሴ፦

ይህን ሁሉ ሳነብ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የተወለደበት ጤና ተቋም «ይለቀዋል» ብሎ ሸኘን፤ በየክትባቱ ቀን ስጠይቅ ያው መልስ ነበር። ከዚያ ወጌሻ ጋ ወሰድነው፤ ስቦ፣ በሸምበቆ ጠፍሮ ለአሥር ቀን አሰረው፤ ልጁ ከማልቀስ በቀር ምንም አልተጠቀመም። የሪፈር ወረቀት ያገኘሁት ዓመት ከስምንት ወሩ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያየው ሐኪም «ለነርቩ ጊዜው አልፏል» አለኝ። ጣቶቹ ይጨብጣሉ፣ ክንዱ ግን ወደ ውስጥ ዞሮ ደርቋል፤ ከትከሻው በላይ አይነሳም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ምን ቀረ?

ፊዚዮ_አዲስ፦

ወንድሜ፣ ለነርቩ አልፏል ማለት ለልጁ አልፏል ማለት አይደለም። ጣቶቹ መጨበጣቸው ትልቅ ሀብት ነው። ክንዱ ወደ ውስጥ የዞረው፣ ወደ ውስጥ የሚስቡት ጡንቻዎች ሲሠሩ ወደ ውጭ የሚያዞሩት ስላልነቁ ነው፤ ይህ ሲቆይ የትከሻውን መገጣጠሚያ አጥንት ራሱን ያጣምመዋል። ስለዚህ የአጥንት ሐኪም መገጣጠሚያውን በምስል ይመርምረው። ያጠረውን ጡንቻ ማላቀቅ፣ ከጀርባ የሚመጣ ጤነኛ ጡንቻ ጅማት አዙሮ ወደ ውጭ እንዲያዞር ማድረግ፣ አጥንቱ ከተጣመመም ዘግይቶ የክንዱን አጥንት ቆርጦ ማዞር የታወቁ ሥራዎች ናቸው፤ የነርቭ ማይክሮስኮፕም አይጠይቁም። እስከዚያው በየቀኑ፣ ልብስ በለወጠ ቁጥር፣ ክርኑን ጎኑ ላይ ይዘው ከክርኑ በታች ያለውን ክንዱን ቀስ ብለው ወደ ውጭ ያዙሩት፤ ሌላው እጅዎ ትከሻው ጀርባ ያለውን ሰፊ አጥንት ይደግፍ። ሲያመው ይቁሙ።

ግራ_እጄ፦

ቀኝ እጄ እንዲህ ሆኖ ተወልጄ 34 ዓመት ኖሬአለሁ። በዘመኔ ቀዶ ሕክምና ቀርቶ ስሙን የሚነግረን አልነበረም። ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፤ አዘኔታ አልፈልግም። ግን ማዕድ ላይ ሰው ባለበት በግራ እጄ ስቆርስ ያልታዩኝ ዓይኖች የሉም፤ ጉርሻ በግራ እጅ አይሰጥም ተብሎ ስንት ጊዜ እጄን ሰብስቤአለሁ። ለልጅዎ ደብተር የሚይዝ እጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

አራስ_ቨርጂኒያ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርቩን ስሌት ለባለቤቴ በወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየውና «ቀጠሮውን አስጠብቂ» አለኝ። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለታል፤ አማቴም የሠሩለት ዕለት በእጇ መቁጠሪያ ይዛ ከበሩ አልተነቃነቀችም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤምአርአይና የድያፍራሙን (ከሳንባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) እንቅስቃሴ የሚያሳይ አልትራሳውንድ ተነስቷል፤ ወደ መተንፈሻው የሚሄደው ነርቭ ካልተጎዳ ብቻ የጎድኖቹን ነርቮች መውሰድ አያሰጋም ብለውናል። የተገኘው ከቶሮንቶው ወንድማችን ልጅ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ሁለት ሥር ሕያው፣ ሦስት የተነቀለ። ሁለቱን ለመዳፉ ሰጥተውለታል፤ ለክርኑ ከጎድኑ።

አራስ_ቨርጂኒያ (ከሰባት ወር በኋላ)፦

እንደገና ጤና ይስጥልኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር ገጥሞኝ ነው የመጣሁት። ልጄ አሥር ወር አልፎታል፤ ጣቶቹ ገና ናቸው። ትናንት ግን አሻንጉሊቱን ቀምቼው ሲያለቅስ፣ ትልቅ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር የቀኝ ክንዱ ጡንቻ ከቆዳው ሥር ትር ትር ሲል አየሁ። ዝም ሲል ይቆማል። ሲያስለውም እንዲሁ ሆነ። አማቴ «ነፍሱ እየገባች ነው» ብላ እልል አለች፤ እኔ ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት እንዳይሆን ሰጋሁ።

ፊዚዮ_አዲስ፦

አይስጉ፤ እርስዎ ያዩት የሚጠበቅ ነገር ነው። ያ ጡንቻ አሁን የሚታዘዘው የጎድን አጥንቶች መካከል ለነበረው ነርቭ ነው፤ ያ ነርቭ ደግሞ እስካሁን የሚያውቀው ሥራ መተንፈስ ነው። ስለዚህ ልጁ በኃይል ሲተነፍስ ትእዛዙ ወደ ክንዱ ይሄዳል። በመጪዎቹ ወራት አእምሮው መስመሩን ይለይና፣ ሳያለቅስ፣ ብስኩት ሲፈልግ ማጠፍ ይጀምራል። ያየሽውን በስልክ ቀርጸው ለሐኪሟ ይላኩ፤ ቀኑንም ይመዝግቡት። አሁን የሚሠሩት ይህን ነው፤ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው፣ ክንዱን በጠረጴዛው ላይ አጋድመው ክብደቱን ይሸከሙለት፤ የሚወደውን ነገር አፉ አጠገብ አድርገው በዚያ እጅ እንዲሞክር ያባብሉት። ግራ እጁን አልፎ አልፎ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ በካልሲ ይሸፍኑ።

የቶሮንቶ_አባት፦

የልጄም እንዲሁ ነበር፤ ስትስቅ ነበር የታየን። ካልሲውን ለቀኝ እጁም ከአሁኑ ያዘጋጁ፤ መንከሱ ሊመጣ ይችላል።